ጠይቁ እንመልሳለን፦ «ኳስ እያሰለጠነች እስከ መቼ ምክትል ትሆናለች?»

እንደ ወትሮው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውርስና ስለ ዓረብ አገር ኮንትራት ነበር የጠበቅነው፤ በዚህ ሰሞን ግን ከሐረርም ከድሬም ስለ አንድ ስፖርት ጥያቄ መጣልን፣ ያውም እኛ አገር ብዙ ሰው አይቶት ስለማያውቀው ስለ ሶፍትቦል። አንዷ አክስት ናቸው፣ አንዱ የስፖርት መምህር። አብረን ብንመልሳቸው ይሻላል ብለናል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በየመስመሩ እየደጋገምን እንዳናሰለቻችሁ።)

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። የእህቴ ልጅ ከእናቷ ጋር በዲቪ ስትሄድ ገና 9 ዓመቷ ነበር፣ እስከዛ እኔ ነኝ ያሳደግኳት ማለት ይቻላል። እዛ ትምህርት ቤት ሶፍትቦል የሚሉት ነገር ጀመረች፣ በሱው ኮሌጅ ገባች፣ ክፍያውንም አብዛኛውን እነሱ ቻሉላት፣ እሰየው አልን። ማስተርሷንም ጨረሰች። አሁን ኦሃዮ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነኝ ትለኛለች። እኔ ግን አልገባኝም። 28 ዓመቷ ነው። በደወልኩ ቁጥር ወይ አውቶቡስ ላይ ናት ወይ ሜዳ ላይ። ለፋሲካ ነይ ስላት ‹ሲዝን ነው› ትለኛለች፣ አምናም ሲዝን ነው፣ ካቻምናም ሲዝን ነው። ይሄ ሦስተኛ ኮሌጇ ነው፣ ከሁለቱ ለቃለች፣ አባረዋት ይሆን እያልኩ እፈራለሁ፣ ግን ደፍሬ አልጠይቃትም። እናቷ ደግሞ ነርስነት ብትማር ኖሮ እያለች ስልክ ላይ ታለቅስብኛለች። አሁን እዚህ አንድ ጨዋ ቤተሰብ ለልጃቸው አስበዋት ሥራዋ ምንድነው ብለው ቢጠይቁኝ የምለው ጠፋኝ። ለመሆኑ ሥራ ነው ጨዋታ? ዋና የምትሆነውስ መቼ ነው?»

አክስት፣ ከሐረር

መልስ

እትዬ፣ ሥራ ነው፣ ያውም የሚያደክም ሥራ። ለነዛ ቤተሰቦች «ኮሌጅ ነው የምትሠራው፣ የምታስተምረው ሜዳ ላይ ነው» ቢሏቸው አንድም አልዋሹም።

ጨዋታው የቤዝቦል ታናሽ ነው፣ በ1887 ቺካጎ ውስጥ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ እንዲጫወቱት ብለው የጀመሩት፣ በኋላ ወደ ሜዳ ወጣ፣ አሁን ኮሌጅ ደረጃ የሴቶች ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ነው የሚጫወቱት፣ ሰባት ዙር። ኳስ ወርዋሪዋ፣ ፒቸር የሚሏት፣ ክንዷን እንደ ንፋስ ወፍጮ አሽከርክራ ከታች ወደ ላይ ነው የምትለቀው፣ ኳሱን በዱላ የምትመታው መቺዋ ያለችው 13 ሜትር ላይ ብቻ ነው፣ ኳሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ይመጣል፣ ዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ድንቡሽቡሽ ያለ ቢጫ ኳስ ነው ግን ለስላሳ እንዳይመስሎት፣ ቢያገኝ አጥንት ይሰብራል። እና ይሄንን ልጆች የሚያስተምር፣ የሚያርም፣ በቪዲዮ እያየ «ትከሻሽ ቀድሞ ይከፈታል» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋናው አይደለም፣ ምክትሉ ነው።

ኮሌጁ ለምን ከፈለላት ለሚለው፣ አሜሪካ በ1972 አንድ ሕግ አውጥታለች፣ ታይትል ናይን ይሉታል፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚነካ ትምህርት ቤት ሁሉ በጾታ አያዳላም የሚል ነው። ሕጉ ስለ ስፖርት ብሎ የወጣ አልነበረም ግን ኮሌጆቹ ለወንዱ እንደሚያወጡት ለሴቱም ቡድን ማቋቋምና ስኮላርሺፕ መስጠት ግድ ሆነባቸው፣ የእርስዎም ልጅ የበላችው ከዛ ማዕድ ነው፤ ደሞዟም ከዛው ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ውሎዋ እንምጣ፣ እናቷም ብታነበው ደስ ይለኛል። ምክትሎቹ ሥራ ይከፋፈላሉ፣ አንዷ የፒቸሮች፣ አንዷ የመቺዎች፣ አንዷ ደግሞ አዲስ ተጫዋች የማፈላለግ ኃላፊ፣ ትንሽ ኮሌጅ ከሆነ ግን አንዷ ሁሉንም ናት፣ በዛ ላይ የሆቴል ቦታ የምትይዘውም፣ ምሳ የምታዘውም፣ ዝናብ ሲመጣ ሜዳውን ሸራ የምታለብሰውም እሷው ናት። የፒቸር አሰልጣኝ ከሆነች አንድ ነገር ልንገሮት፦ ኳስ የሞላ የፕላስቲክ ባልዲ አለ፣ ክዳኑ ላይ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ እሱ ላይ ቁጭ ብላ ጓንቷን ዘርግታ ፒቸሯ የምትወረውረውን ትቀበላለች፣ ወደ ላይ የሚነሳው፣ ወደ ታች የሚሰምጠው፣ ደግሞ ፈጣን መስሎ ቀርፈፍ ብሎ የሚመጣው፣ እያንዳንዱ ኳስ በየት በኩል እንደዞረ ከስፌቱ ነው የምታየው። ጨዋታ ቀን ደግሞ ከዳር ቆማ ቁጥር ትጮሃለች፣ «ሁለት አንድ አራት» ምናምን፣ ተቀባይዋ ልጅ ክንዷ ላይ የታሰረች ካርድ አለቻት፣ ቁጥሩን እዛ ላይ አይታ የትኛው ኳስ የት እንደሚወረወር ታውቃለች፤ አሁን አሁን በኤሌክትሮኒክ መልእክት የሚልኩም አሉ። ያንን ቁጥር ለመጥራት ማታውን የተቃራኒውን ቡድን መቺዎች አንድ በአንድ በቪዲዮ ስታይ አምሽታለች፣ እርስዎ ደውለው ያላነሳችው ያኔ ይሆናል። ተጫዋቾቹ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱ የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ይከለክላል፤ አሰልጣኞቹን ግን ማን ይከልክልላቸው፣ እነሱ ሰዓት የላቸውም።

ፋሲካን በተመለከተ ልጅቷ አልዋሸችም። ውድድሩ ጥር መጨረሻ አካባቢ ተጀምሮ እስከ ግንቦት ነው፣ ፋሲካችን ደግሞ መጋቢት መጨረሻ ወይ ሚያዝያ ላይ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ በየዓመቱ መሃሉ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ምንም ቢደረግ። ኦሃዮ ደግሞ ጥርና የካቲት በረዶ ነው፣ የሰሜን ኮሌጆች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ወርደው ነው የሚጫወቱት፣ ሁሌ አውቶቡስ ላይ ናት ያሉት እሱ ነው። ሲዝኑ አለቀ ሲባል ደግሞ ክረምቱን በየከተማው የታዳጊ ልጆች ውድድር አለ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ማን ይሆነናል እያለች ማስታወሻ ስትይዝ ነው የምትውለው። ልጅቷን እንኳ ወደደቻት እንበል፣ በትልቁ የኮሌጅ ደረጃ ከሆነች ልጅቷ 11ኛ ክፍል ገብታ ሴፕቴምበር 1 እስኪደርስ ድረስ ልታነጋግራት አትችልም፣ በ2018 የወጣ ደንብ ነው፣ ከዛ በፊት የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሳይቀር ቃል ያስገቡ ነበር፣ ያ መቅረቱ እኔ በበኩሌ ጥሩ ነው እላለሁ።

እንግዲህ መቼ ትምጣ ላሉት የኔ ምክር ታኅሣሥ ነው። ፋሲካን ይተዉላት። ኮሌጆቹ ፈተና ጨርሰው ለፈረንጅ ገና ይዘጋሉ፣ ታኅሣሥ 19 ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ከእርስዎ ቤት የመኪና መንገድ፣ እና ዕድል ከቀናት የኛንም ገና አብራችሁ ውላ ትመለሳለች። ሠርግ ቢታሰብ ግን ጥርን አያስቡት እትዬ፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው የሠርግ ሰሞን ለሷ ዋናው የልምምድ ሰሞን ነው፣ ሙሽራው ያለ ሙሽራ ይቀራል።

አባረዋት ይሆን ወይ ላሉት፣ በዚህ ሥራ ሦስት ኮሌጅ መቀየር ማለት ብዙም አይደለም። ምክትሎች ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ውል ነው የሚፈርሙት፣ ዋናው አሰልጣኝ ከለቀቀ ወይ ከተባረረ አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል፣ የድሮዎቹ ጥፋት ኖሮባቸው አይደለም፣ ዕቃቸውን ጭነው ሌላ ስቴት ይሄዳሉ። እኛም አገር በእግር ኳሱ እናውቀዋለን፣ ኮቹ ሲወጣ አብሮት የሚወጣው ማን እንደሆነ። አንዳንዱ ደግሞ የተሻለ ቦታ አግኝቶ ነው የሚለቅ። ስለዚህ አይፍሩ፣ ይጠይቋት፣ «ከዛኛው ይሄኛው ይሻላል ወይ» ብለው፣ ደስ ብሏት ነው የምትነግሮት።

ዋና መቼ ትሆናለች የምትለዋ ጥያቄ ግን ትንሽ ታስቸግራለች፣ እሷን እዛም ቤተሰብ ሁሉ ነው የሚጠይቃት መሰለኝ። ዲቪዥን 1 በሚባለው ትልቁ ደረጃ 300 ገደማ ቡድን አለ፣ አንድ ቡድን አንድ ዋና ነው ያለው፣ ምክትሎቹ ግን በርከት ይላሉ፣ ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት። ደግሞ ሁሉም ዋና መሆን አይፈልግም። ሊሳ ፈርናንዴዝ የምትባል አለች፣ በአትላንታ 1996፣ በሲድኒ 2000፣ በአቴንስ 2004 ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት ፒቸር፣ በስፖርቱ ከሷ በላይ ስም ያላት ብትቆጠር ጥቂት ናት። ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ለረጅም ዓመታት በምክትልነት ነው የሠራችው። ዋናዋ ማን ናት? ኬሊ ኢኑዬ ፔሬዝ፣ ያኔ ተማሪ ሆነው ፈርናንዴዝ ስትወረውር የምትቀበላት የነበረችው ጓደኛዋ። እሷም በ2007 ዋና ከመሆኗ በፊት እዛው ዩኒቨርሲቲ ከአሥር ዓመት በላይ ምክትል ነበረች። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን ደግሞ ከ1995 ጀምራ የያዘችው ፓቲ ጋሶ ናት፣ ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ያደረገቻቸው፣ የመቺዎቹ አሰልጣኝ የገዛ ልጇ ነው፣ የእናቱ ምክትል ሆኖ ነው ስሙን የተከለው። እና 28 ዓመት ምንም አልዘገየም፣ በዚህ ሙያ ገና ጀማሪ ናት።

ገንዘቡን እኔ አላስውብሎትም። ማስተርሷን ስትማር ግራጁዌት አሲስታንት፣ ማለት እየተማረች ቡድኑን የምትረዳ፣ ሆና ከሆነ የትምህርት ክፍያዋ ተሸፍኖላት ትንሽ የኪስ ነው ያገኘችው። ትንንሽ ኮሌጆች ጋ ግማሽ ቀን የሚከፍሉ፣ ሌላ ሥራ የሚያስደርቡ አሉ፣ የማደሪያ ኃላፊ ሁኚ፣ ጂሙን ክፈቺ ዝጊ የሚሉ። ትልልቆቹ ጋ በዓመት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኙ ምክትሎች አሉ። መሃሉ ሰፊ ነው። በነገራችን ላይ እስከ 2023 ድረስ ዲቪዥን 1 ውስጥ በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ የሚባል ቦታ ነበር፣ እንደማንም ቀኑን ሙሉ ይለፋል፣ ደሞዝ ግን ከኮሌጁ የለውም፣ የክረምት ካምፕ እያሠራና ለልጆች በግል እያስጠና ነበር የሚኖረው፣ በዛ ዓመት ጁላይ ላይ ያ ስም ቀርቶ መክፈል ተፈቀደ። የነርስ ደሞዝ ይሻላል ወይ ካሉ በአብዛኛው አዎ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ ይሻላል፣ እናቷ እዛ ላይ አልተሳሳተችም። ግን ነርሷም ፋሲካን ፈረቃ ላይ ነው የምትውለው።

ጥያቄ

«አቦ እንዴት ናችሁ፣ ድሬ ሳቢያን ነኝ። ስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው፣ እጅ ኳስ እጫወት ነበር፣ 24 ዓመቴ ነው። ሶፍትቦልን ቲክቶክ ላይ አይቼ ተለከፍኩ፣ በተለይ አሰልጣኞቹ ምልክት ሲሰጡ፣ ጆሮ ይነካሉ አፍንጫ ይነካሉ ቀበቶ ይነካሉ። አንድ ሰውዬ ‹የአሰልጣኝ ቪዛ› አወጣልሃለሁ ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ፣ ግማሹን አሁን ክፈል ይላል። ወንድ ሆኜ የሴቶች ቡድን ያስገቡኛል? ሳልጫወትስ ይሆናል? ጨዋታውንስ የት ነው በቀጥታ የማየው?»

መምህሩ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

አንተ ልጅ መጀመሪያ ብርህን ኪስህ አድርግ። ልምድ የሌለውን ሰው አሰልጣኝ ብሎ ቪዛ የሚያወጣለት ኮሌጅ የለም፣ እዛው ተወልደው እዛው ተጫውተው ያደጉት ራሳቸው ለአንድ የምክትል ቦታ ተሰልፈው ነው ያሉት። ሰውዬው ግማሹን ከተቀበለህ በኋላ ስልኩ ይዘጋል፣ ከዛ ለገሃር ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ስትፈልገው ልትከርም ነው።

ወንድነትህ ችግር የለውም፣ የሴቶቹን ቡድን የሚያሰለጥኑ ወንዶች ሞልተዋል፣ ምክትልም ዋናም። አለመጫወትህ ነው ከባዱ፣ እዛ ላይ አልሸነግልህም፣ ሲቪ ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት የት ተጫወተ የሚለውን ነው። ግን በሌላ በር የሚገቡ አሉ፣ ቪዲዮ የሚቆርጥ፣ ቁጥር የሚይዝ፣ መረጃውን አደራጅቶ ለአሰልጣኙ የሚያቀርብ ሰው አሁን በጣም ይፈለጋል፣ የስፖርት ሳይንስ ዲግሪህ ደግሞ ለሰውነት ማጎልመሻው በኩል ይጠቅምሃል። መንገዱ በአጭሩ ተማሪ ሆነህ መግባት ነው፦ እንግሊዝኛህን ተፈትነህ፣ የማስተርስ ፕሮግራም አመልክተህ፣ ተቀብለውህ፣ ከዛ የቡድኑን አሰልጣኝ «ኳስ ልልቀም፣ ቪዲዮ ልቅረጽ» ብለህ መጠየቅ። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል። ስትመረቅ ደግሞ በተማርክበት ሙያ የ12 ወር የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለህ፣ ከዛ በኋላ ግን ኮሌጁ ራሱ ሊያስቀርህ ፈልጎ ወረቀትህን መያዝ አለበት፣ ትንሽ ኮሌጅ ለአንድ ምክትል ብሎ እዛ ወጪ ውስጥ ብዙም አይገባም። ይሄን አውቀህ ሂድ፣ ማለቴ ለትምህርቱ ስትል ሂድ፣ ኳሱ ከተገኘ ተገኘ።

እስከዛ ድሬ ቁጭ ብለህ የምትጀምረው ነገር አለ፣ እኔ ብሆን ይሄን ነበር የማደርገው። ቤዝቦል ፋይቭ የሚባል አለ፣ የዓለም ቤዝቦልና ሶፍትቦል ኮንፌዴሬሽን ለመንገድና ለትምህርት ቤት ብሎ ያወጣው፣ ዱላ የለውም፣ ጓንት የለውም፣ አንድ የጎማ ኳስ ብቻ ነው፣ መቺው ራሱ ኳሱን በእጁ መትቶ ይሮጣል። አምስት ለአምስት ነው፣ አምስት ዙር፣ ከቤዝ እስከ ቤዝ (ሯጩ እየረገጠ የሚያልፋቸው ማዕዘኖች ናቸው) 13 ሜትር ብቻ፣ ወንድና ሴት ተቀላቅለው ይጫወቱታል። የትምህርት ቤትህ ሜዳ ላይ በኖራ አራት መዓዘን አስምረህ ነገ መጀመር ትችላለህ (ደቻቱ አሸዋው ላይ እንዳትለኝ ብቻ፣ ጎርፉ ሲመጣ ድሬ ላይ ዝናብ ጠብ ሳይል መሆኑን አንተም ታውቃለህ)። የድሬ ፀሐይ ስላለ ወይ በጠዋት ወይ ከአሥር ሰዓት በኋላ አድርገው፣ የአሥር ሰዓቱ ግን ከበርጫው ጋር ይጋጭብሃል። በዳካሩ የ2026 የወጣቶች ኦሊምፒክ ፕሮግራም ውስጥ የገባ ስፖርት ነው፣ አፍሪካ ምድር ላይ የተመደበ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ውድድር፣ እና ኃላፊዎችን «ይሄን ስፖርት እንጀምር» ብለህ ስታስቸግር የምትጠቅሰው ነገር አለህ ማለት ነው። የእጅ ኳስ ተጫዋች መሆንህም እዚህ ይረዳሃል፣ ሮጦ መወርወር ታውቃለህ፣ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ የሚቸገሩት እዛ ጋ ነው፣ ኳሱን ይይዙታል፣ እግራቸውን ሳያስተካክሉ ይለቁታል። ስታሰለጥን ቅረጸው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ኮሌጅ ስታመለክት «እወዳለሁ» ከማለት ልጆች ያሰለጠንክበትን ቪዲዮ መላክ ይሻላል።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ የምታያቸው አብዛኞቹ ውሸት ናቸው፣ ሆን ተብሎ። አስቀድመው አንድ ቁልፍ ምልክት ይስማማሉ፣ ቀበቶ እንበል፣ ቀበቶ ከተነካ በኋላ የሚመጣው ብቻ ነው ትእዛዙ፣ ሌላው ተቃራኒ እንዳይገባው የሚደረግ ማደናገሪያ ነው። ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ዋናው ነው፣ የመጀመሪያው ቤዝ ጋ ደግሞ ምክትሉ።

በቀጥታ ለማየት ዋናው ሰዓት ግንቦት መጨረሻ ነው፣ ለኮሌጆቹ ሻምፒዮና የቀሩት ስምንት ቡድኖች ኦክላሆማ ሲቲ ይሰበሰባሉ፣ በ2025 ዋንጫውን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው የወሰደው። የ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሶፍትቦልም እዛው ስታዲየም ነው የሚካሄደው፣ ሎስ አንጀለስ ሳይሆን። እዛ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ በማግስቱ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከሌላ መምህር ጋር ተቀያየር።